ችግኙ ጸደቀ ወይስ ደረቀ? የአካባቢ ቀንን ከሕፃናት ጋር ስለ ማክበር

በየዓመቱ ግንቦት 28 ቀን የዓለም አካባቢ ቀን ይከበራል። ዕለቱ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ሰው ልጅና ስለ አካባቢው የመከረበት የመጀመሪያው ታላቅ ጉባኤ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1972፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር። 113 አገሮች የተወከሉበት ይህ ጉባኤ ከተጠናቀቀ ከወራት በኋላ የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 6 ቀን 1965 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ዕለቱ በመላው ዓለም እንዲታሰብ ወሰነ።

በአገራችን የሚገኙ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ዕለቱን ከሚያከብሩባቸው መንገዶች አንዱ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ አጸደ ሕፃናት መሄድ ነው። አከባበሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ባነር ይሰቀላል፤ ሕፃናቱ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው ይዘምራሉ፤ የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንዳንድ ችግኝ ይታደላል፤ ይተከላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ይዘጋል። ሕፃኑ በመስከረም ሲመለስ ከችግኞቹ ከፊሉ በአረም ተውጠው ያገኛቸዋል። የቀሩትንም የበጋው ፀሐይ ያደርቃቸዋል። በሚቀጥለው ግንቦት እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ችግኝ፣ ሌላ ባነር ይመጣል።

በእርግጥ የአንዲት ችግኝ መድረቅ ከአገር የሚያጎድለው ነገር ትንሽ ነው። የሚያሳስበው ጉዳይ ሌላ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያቺን ችግኝ በእጁ ሲይዝ ምናልባት በሕይወቱ የመጀመሪያውን የሥነ ሕይወት ትምህርት እየተማረ ነው። ችግኟ ከባነሩና ከፊኛው ጋር ለአንድ ቀን የምትወጣ የበዓል ዕቃ መስላ ከታየችው ያ ትምህርት ተሳስቶ ይቀመጣል። ይህ ጽሑፍ ዕለቱን ከሕፃናት ጋር ለማክበር ለሚሰናዱ ተማሪዎች የቀረበ ነው። ዋና ሐሳቡም አጭር ነው፤ ከሕፃናት ጋር የሚከበር የአካባቢ ቀን፣ ሕፃኑ ከዕለቱ በፊትና በኋላ ተመላልሶ የሚያየው አንድ ነገር ሊኖረው ይገባል። ይህ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችልና ከበስተጀርባው ያለውን ሳይንስ ቀጥለን እንመለከታለን።

«ነፍስ ያለው» ምንድን ነው?

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) በ1920ዎቹ ሕፃናትን እያነጋገረ ባካሄደው ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች ሕይወት ያለውን ከሌለው የሚለዩበት መስፈርት ከአዋቂዎች የተለየ መሆኑን አስተውሎ ነበር። ለብዙዎቹ መስፈርቱ እንቅስቃሴ ነው። ፀሐይ ትሄዳለችና ሕይወት አላት፤ ነፋስ ይነፍሳልና ሕይወት አለው፤ ብስክሌትም ይሮጣልና እንዲሁ። ዛፍ ግን ቆሞ ይውላል፣ ቆሞ ያድራል። ከፒያዤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሕፃናት እርሱ ከገመተው በላይ እንደሚያውቁ በብዙ መንገድ አሳይተዋል። ይሁንና ዕፀዋትን ከሕያዋን ወገን መቁጠር ለሕፃናት ዘግይቶ የሚመጣ ግንዛቤ መሆኑን የእነርሱም ጥናቶች ይመሰክራሉ።

በአማርኛ ስንጠይቅ ደግሞ ጥንቃቄ የሚሻ ተጨማሪ ነገር አለ። በዕለት ተዕለት ንግግር «ነፍስ ያለው» ስንል ብዙ ጊዜ ሰውንና እንስሳን ማለታችን ነው። ዛፍን «ሞተ» ከማለት ይልቅ «ደረቀ» ማለት ይቀናናል። ልብስም ይደርቃል፤ እንጀራም ይደርቃል። ስለዚህ ሕፃኑ ዛፍን ከልብስ ጋር ቢመድበው የሚደንቅ አይደለም። በአንጻሩ ቋንቋችን ለዚሁ ጉዳይ አንድ ውብ ቃል አለው፤ የተተከለ ችግኝ ሥር ሰድዶ መሬቱን ሲይዝ «ጸደቀ» ይባላል። ልብስ አይጸድቅም። እንግዲህ ሕፃኑን «ዛፍ ነፍስ አለው ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ይጠማዋል ወይ? ያድጋል ወይ? ድሮ ትንሽ ነበረ ወይ? ልጆች አሉት ወይ?» እያሉ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። የሕፃኑን መልስ ሳያርሙ መዝግቦ ማቆየትም ጠቃሚ ነው፤ ከወራት በኋላ ያው ጥያቄ ሲደገም መልሱ መለወጡ ይታያልና።

ይህን ግንዛቤ ምን ያፋጥነዋል? ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ካዮኮ ኢናጋኪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። ተመራማሪዋ በቤታቸው ወርቃማ ዓሣ ለረዥም ጊዜ ያሳደጉ የአምስት ዓመት ሕፃናትን ካላሳደጉት ጋር አነጻጸሩ። ያሳደጉት ስለ ዓሣው የበለጠ ማወቃቸው የሚጠበቅ ነው። ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን እነዚህ ሕፃናት አሳድገውት ስለማያውቁት እንቁራሪት ሲጠየቁ ከዓሣቸው እየተነሡ ምክንያት ያለው ግምት መስጠታቸው ነው። ትንሿን እንቁራሪት ሁልጊዜ ትንሽ አድርጎ ማቆየት እንደማይቻል ከዓሣቸው ማደግ ተነሥተው ያስረዱ ነበር። ሕፃናቱ ስለ ዓሣ ንግግር አልተደረገላቸውም፤ ያደረጉት መመገብና ውኃ መለወጥ ነው። ከአንድ ፍጡር ጋር የተደረገ የዘወትር ግንኙነት ለሌላው መረዳት መነሻ ሆኗቸዋል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮቤል (እ.ኤ.አ. 1782–1852) ለመሠረተው የሕፃናት ማዋያ በ1840 ያወጣለት ስም «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» ማለት ሲሆን፣ «አጸደ ሕፃናት» የሚለው የአማርኛ ስያሜም ከዚሁ ሐሳብ ጋር አንድ ነው። አጸድ የተክል ስፍራ ነውና። ፍሮቤል ስሙን ለምሳሌነት ብቻ አልተጠቀመበትም፤ ሕፃናቱ የየራሳቸው ትንሽ መደብ እንዲኖራቸው አድርጎ ነበር። ዛሬ ግቢያቸው በሙሉ ሲሚንቶ የተለበጠባቸው አጸደ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም።

ግንቦት 28 እና ዝናቡ

የስቶክሆልም ጉባኤ የተከፈተበት ቀን ለአገራችን የአየር ጠባይ ታስቦ አልተወሰነም። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ዋናው ዝናብ የሚጀምረው በሰኔ ሲሆን፣ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ግንቦት 28 ቀን የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ከዘገየ ይቸገራል። ችግኝ ከመደብ ሲነሣ ውኃ የሚመጥጡት ፀጉር መሰል ቀጫጭን ሥሮች ከፊሉ ይበጠሳሉ፤ ቅጠሉ ግን ውኃ ማትነኑን አያቆምም። ገቢው ቀንሶ ወጪው እንዳለ ነው ማለት ነው። እርጥብ አፈርና ደመናማ ሰማይ ይህን የሽግግር ጊዜ ያቃልሉታል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች እንደተተከሉ መንግሥት ባስታወቀበት ዘመቻ የተመረጠው ወር ሐምሌ መሆኑ ከዚሁ ጋር ይስማማል። ዝናባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ በሚመጣባቸው የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው።

በመሆኑም በደጋና በወይና ደጋ ግንቦት 28 ቀን ከሕፃናት ጋር የሚሠራው ተገቢ ሥራ ጉድጓድ ማዘጋጀት ነው። የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይከመራል። ሕፃናቱ ሁለቱን በእጃቸው ጨብጠው ቀለማቸውንና ልስላሴያቸውን ያነጻጽራሉ፤ ትል ከተገኘ ደግሞ የዕለቱ እንግዳ እርሱ ይሆናል። ተከላው ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት፣ መሬቱ ከራሰ በኋላ ይፈጸማል።

ባቄላና ቦሎቄ በብርጭቆ

ዛፍ ለሕፃን ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው። ባቄላ ግን ዛሬና ነገ ልዩነቱ የሚታይ ነው። ስለዚህ ክበቡ ወደ አጸደ ሕፃናቱ መሄድ ያለበት በዕለቱ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ግንቦት 14 ቀን ገደማ ነው። የሚያስፈልጉት ጥቂት ብርጭቆዎች፣ ሶፍት፣ ባቄላና ቦሎቄ ብቻ ናቸው። ፍሬዎቹ አንድ ሌሊት በውኃ ይዘፈዘፋሉ። ሶፍቱ ተጠቅልሎ በብርጭቆው ውስጥ ይደረጋል፤ ፍሬዎቹ በሶፍቱና በብርጭቆው ግድግዳ መካከል ከውጭ እንዲታዩ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ከሥር ጥቂት ውኃ ይጨመራል። የበቆልት ነገር ለእናቶቻችን አዲስ አይደለም፤ ብዙ ሕፃናትም በጾም ወራት በቤታቸው አይተውታል። አዲሱ ነገር ሥሩ ሲወጣ በብርጭቆው በኩል መታየቱ ነው።

ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሥር ብቅ ትላለች። ከፍሬዎቹ አንዱን ሆን ብሎ ገልብጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሕፃናቱ ሥሩ ወደ የት እንደሚሄድ አስቀድመው እንዲገምቱ ይደረጋል። አንዳንዶቹ ወደ ላይ ይላሉ፤ ፍሬው ተገልብጧልና። ሥሩ ግን ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል። ለሕፃኑ ሥሩ ታች የት እንደሆነ ማወቁን ማየት ይበቃዋል። ለአንባቢያችን ግን ምክንያቱን እንጨምር፤ በሥሩ ጫፍ ቆብ ሕዋሳት ውስጥ የስታርች ቅንጣቶች የተሞሉ ጥቃቅን አካላት አሉ። እነዚህ በመሬት ስበት ኃይል ወደ ሕዋሱ ግርጌ ይዘቅጣሉ። በዚህም ኦክሲን የተባለው የዕድገት ሆርሞን በሥሩ የታችኛው ወገን እንዲበዛ ይሆናል። በሥር ውስጥ የበዛ ኦክሲን የሕዋሳትን መርዘም ስለሚገታ የላይኛው ወገን ከታችኛው ይበልጥ ይረዝማል፤ ሥሩም ወደ ታች ይታጠፋል።

ባቄላና ቦሎቄ አብረው የተመረጡበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። ሁለቱም ባለ ሁለት ክክ ዕፀዋት ናቸው፤ አበቃቀላቸው ግን ይለያያል። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። የባቄላ ክኮች ግን በተዘሩበት ቦታ ይቀራሉ፤ ወደ ላይ የሚወጣው ቡቃያው ብቻ ነው። ማንም ሳይነግራቸው ይህን ልዩነት የሚያስተውሉ ሕፃናት ይኖራሉ። እንዲያውም አዋቂው ቀድሞ ከመናገር ቢቆጠብ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን ነጥብ ማንሣት ግድ ይላል። ከብርጭቆዎቹ አንዱ በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና «ያለ ብርሃን ተክል አያድግም» የሚል ትምህርት ይሰጣል። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት የሚገኘው ግን ተቃራኒው ነው። በጨለማ የቆየው ቡቃያ በመስኮት ዳር ካለው ይልቅ ረዥም ሆኖ ይገኛል! ለሕፃን ረዥም ማለት ትልቅ ማለት ነው፤ ትልቅ ማለት ደግሞ የተሻለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ «አይደለም፣ ይሄኛው ታሟል» ብሎ ማለፍ ሕፃኑን ዓይኑ ያየውን እንዳያምን ማስተማር ይሆናል። የሆነው ነገር እንዲህ ነው። በክኮቹ ውስጥ የተከማቸ ምግብ ስላለ ቡቃያው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርሃን አያስፈልገውም፤ አፈር ውስጥ ያለ መስሎት ወደ ብርሃን ለመድረስ ያለውን ስንቅ በመርዘም ላይ ያውላል። ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ንጥረ ነገር ስለማይሠራም ሐመር መልክ ይይዛል። ስንቁ ሲያልቅ ይወድቃል። ስለዚህ ሙከራው በአንድ ሳምንት መቆም የለበትም፤ ረዥሙ ሐመር ቡቃያ እስኪዘናጠፍ ድረስ ጠብቆ፣ ከዚያ ወደ መስኮት አምጥቶ አረንጓዴ መሆን አለመሆኑን መከታተል ይገባል። ስንቁ ሳይሟጠጥ ብርሃን ካገኘ ይለመልማል፤ ለሕፃናቱም «ብርሃን ለተክል ምን ያደርግለታል?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ትርጉም ያገኛል።

የተቀበረው ዕቃ

የጉድጓዱ ቀን ለሁለተኛ ጉዳይም ይውላል። ከግቢው በአንድ ጥግ አንድ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት የተለያዩ ዕቃዎች ጎን ለጎን ይቀበራሉ፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቁራሽ እንጀራ፣ የሙዝ ወይም የእንሰት ቅጠል፣ የጥጥ ጨርቅ፣ የደብተር ወረቀት፣ ቆርኪ፣ ፌስታል። በእያንዳንዱ ላይ የዕቃው ሥዕል ያለበት እንጨት ይተከላል፤ ሕፃናቱ ማንበብ አይችሉምና።

የሚወጣው መቼ ነው? መስከረም 20 ቀን ቢሆን ከግንቦት 28 ጀምሮ 117 ቀናት ይሆናሉ። ነገር ግን ትናንትን ከባለፈው ዓመት በቅጡ ለማይለይ የአራት ዓመት ሕፃን 117 ምንም ማለት አይደለም። የእኛ የዘመን ምልክቶች እዚህ ላይ ያግዛሉ። ዝናቡ ይመጣል፤ ከዚያ ቡሄ፣ ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ መስቀል፤ ደመራው ከበራ በኋላ እንቆፍረዋለን ቢባል ሕፃኑ ይገባዋል። ወደ አንደኛ ክፍል የሚያልፉት ልጆች ግን በመስከረም በግቢው ስለማይኖሩ ሥራውን ከታችኛው ክፍል ልጆች ጋር መጀመር ይሻላል።

ክረምቱ ለብስባሴ አመቺ ነው። ባክቴሪያና ፈንገስ የሚሠሩት እርጥበት ሲያገኙ ነውና። እነዚህ ደቂቅ ዘአካላት የሚያመነጯቸው ኤንዛይሞች በልጣጩ፣ በቅጠሉ፣ በጥጡና በወረቀቱ ውስጥ ያለውን ሴሉሎስ ሰባብረው ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ስኳሩንም ይመገቡታል። የፌስታሉ ፖሊኢትሊን ግን በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ያሉት እጅግ ረዥም ሰንሰለት ነው፤ ኤንዛይሞች በቀላሉ የሚይዙት መጋጠሚያ የለውም። ስለዚህ በመስቀል ማግሥት እንጀራውና ልጣጩ ጠፍተው ወይም አፈር መስለው፣ ጨርቁ ተበሳስቶ፣ ቆርኪው ዝጎ፣ ፌስታሉ ግን ታጥቦ መልሶ ሊያገለግል በሚችል ሁኔታ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው።

ፌስታል ለመበስበስ ይህን ያህል መቶ ዓመት ይፈጅበታል የሚል ቁጥር በየፖስተሩ ላይ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ቁጥር ለሕፃናት መንገርን አይመክርም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፖሊኢትሊን እንግሊዝ አገር በሚገኝ ቤተ ሙከራ በአጋጣሚ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933፣ በኢንዱስትሪ መመረት የጀመረውም በ1939 በመሆኑ በመቶ ዓመታት የሚቆጠረውን ብስባሴ እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው ሊኖር አይችልም፤ ቁጥሮቹ ግምቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሕፃኑ በእጁ ይዞ ያጠበው ፌስታል ከማንኛውም ቁጥር ይበልጥ ይነግረዋል። ለአዋቂዎቹ ግን ሕጉን ማስታወስ ይበጃል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑትን የማይበሰብሱ ከረጢቶች ይመለከት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ክልከላውን በፌስታል ላይ ይበልጥ አጥብቆታል። በነገራችን ላይ ችግኞቹ ራሳቸው የሚመጡት በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ነው። ሠላሳ ችግኝ በተተከለበት ግቢ ሠላሳ ከረጢት ተጥሎ ከቀረ፣ የአካባቢ ቀን የራሱን ቆሻሻ ትቶ ሄደ ማለት ነው።

ሁለት ትሪ አፈር

ሦስተኛው ሥራ ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ክንውኑ ግን አሥር ደቂቃ ነው። በሁለት ትሪዎች አንድ ዓይነት አፈር ይሞላል። በአንደኛው ገብስ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል፤ ሁለተኛው ባዶውን ይቆያል፤ ሁለቱም እኩል ውኃ ይጠጣሉ። ገብሱ ሲበቅል ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ አፈሩን እንደ ምንጣፍ ይይዘዋል። በዕለቱ ሁለቱም ትሪዎች በአንድ ወገን ከፍ ተደርገው፣ ክዳኑ በተበሳሳ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሕዝቡ «ሃይላንድ» በሚለው ማለት ነው፣ ይዘነብባቸዋል። የሚወርደው ውኃ በብርጭቆ ይጠራቀማል። ብርጭቆዎቹ የግድ እኩል መሆን አለባቸው። ፒያዤ እንዳሳየው በዚህ ዕድሜ ያሉ ሕፃናት በቀጭን ረዥም ብርጭቆ ያለን ውኃ ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ካለው እኩል ውኃ ይበልጣል ብለው ያስባሉና፣ ዕቃው ከተለያየ ንጽጽሩ ይበላሻል። የአንደኛው ውኃ ደፍርሶ፣ የሁለተኛው ጠርቶ ሲወርድ ሕፃናቱ ያዩታል። የክረምቱን ወንዝ ቀለም የሚያውቅ ሁሉ ትሪው ምን እንደሚያሳይ አይጠፋውም።

በዚህ ሙከራ ተማሪዎች አንድ ስሌት ሊሠሩ ይችላሉ። ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 9 ሜትር ያህል። የትልቁ ጠብታ መጠነ ቁስ የትንሹን 125 ጊዜ ያጥፋል፤ የፍጥነቱ ስኩዌር ደግሞ 5 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በእንቅስቃሴው የሚይዘው ጉልበት የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ልዩነቱ ከ600 ጊዜ በላይ ይሆናል። አንድ ከባድ የሐምሌ ጠብታ ራቁት አፈር ላይ ሲያርፍ የአፈሩን ቅንጣቶች የሚበትነው በዚህ ጉልበት ነው። ቅጠል ግን ጉልበቱን ይቀበለዋል። በግማሽ ሜትር ከፍታ ከያዝነው ጠርሙስ የሚወርደው ጠብታ ግን መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ትሪያችን የሚያሳየው ከእውነተኛው ዝናብ ያነሰውን ነው።

ስዊዘርላንዳዊው የመሬት ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ግምት በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር 4.2 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በውፍረት ሲታሰብ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ ግን መዘንጋት አይገባም። እንዲህ ያለውን ቁጥር ለእናንተ ነው የጻፍነው፤ ለሕፃናቱ ብርጭቆው ይበቃል። በአካባቢ ቀን የሚያለቅስ የምድር ሥዕል እያሳዩ ስለ በረሃማነት፣ ስለ እንስሳት መጥፋትና ስለ ሙቀት መጨመር ለአራት ዓመት ሕፃን መተረክ የተለመደ ቢሆንም አስፈላጊነቱ አይታየኝም። አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ዴቪድ ሶቤል እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሥራ የዓለምን የአካባቢ ጥፋት ታሪክ ከአራተኛ ክፍል በፊት ለልጆች ባለመንገር መቆየት እንደሚገባ ተከራክረዋል። ሕፃኑ ምንም ሊያደርግለት የማይችለው አደጋ ሲነገረው የሚያተርፈው ፍርሃትና መሸሽ ነው የሚል ነው ክርክራቸው። ትሪው ግን መፍትሔውንም አብሮ ያሳያል፤ ገብሱን የዘራው ሕፃኑ ራሱ ነውና።

አንዲት ችግኝ ለአሥር ልጆች

ወደ ችግኙ እንመለስ። ለእያንዳንዱ ሕፃን አንዳንድ ችግኝ መስጠት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ውኃውን እናስላ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ 24 ሳምንታት ገደማ ናቸው። ለአንዲት ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ 5 ሊትር ቢደረግላት 240 ሊትር ትፈልጋለች። ሠላሳ ችግኞች 7,200 ሊትር ማለት ነው። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ትምህርት ቤት ይህ የማይታሰብ ነው። ሦስት ችግኝ ከሆነ ግን 720 ሊትር ይሆናል፤ ልጆቹ እጃቸውን የታጠቡበትን ውኃ በጣሳ እየተቀበሉ ሊሸፍኑት ይችላሉ፤ ሳሙና የበዛበት እስካልሆነ ድረስ። ስለዚህ ለአሥር ልጆች አንዲት ችግኝ ትበቃለች። አሥሩም በየተራ ያጠጧታል፤ በየወሩ ቁመቷን በገመድ ይለካሉ፤ ገመዶቹም በግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ቁጥር የማያውቅ ልጅ የገመዱን መርዘም ያነባል።

ምን ይተከል ለሚለው፣ በወይና ደጋ ዋንዛ ጥሩ ምርጫ ነው። ከዝግባና ከጥድ ይልቅ ፈጠን ብሎ ያድጋል፤ ነጭ አበባው ንብ ይስባል፤ ጣፋጭ ፍሬውንም ልጆች ይወዱታል። ቦታው ሰፊ ካልሆነ ጌሾ ወይም ኮክ ይሻላል። ዋናው ነገር ልጁ በየዓመቱ የሚያየው ለውጥ መኖሩ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ችግኟ ልትደርቅ ትችላለች። ያን ጊዜ የተለመደው ሕፃናቱ ሳያዩ ነቅሎ መጣል፣ ወይም በሌሊት ሌላ መተካት ነው። ሁለተኛው በተለይ ማታለል ነው። የሚሻለው ከልጆቹ ጋር ሆኖ ችግኟን በጥንቃቄ ቆፍሮ ማውጣትና ሥሯን መመልከት ነው። ሥሩ የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ ተጠምዝዞ ከተገኘ ችግሩ ከችግኝ ጣቢያው የመጣ ወይም ከረጢቱ በደንብ ሳይነሣ የቀረ ነው። ዙሪያው ተገዝግዞ የአፈር ሽፋን ከታየበት ምስጥ ገብቶበታል። ሥሩ ጤነኛ ሆኖ አፈሩ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ደግሞ ተረኞቹ ረስተዋል ማለት ነው፤ ይህንንም ልጆቹ ራሳቸው ሊናገሩ ይችላሉ። የግድግዳው ገመዶች አይነሡም። ጉድጓዱ በግንቦት እንደገና ይከፈታል፤ ልጆቹም ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠየቃሉ፤ ይጠማት ነበር ወይ? ታድግ ነበር ወይ?